የክብሪት ሠሪዎች መንጋጋና የአጥንት መድኃኒት

በ1880 ዓ.ም. ክረምት፣ በለንደን የብራያንትና ሜይ የክብሪት ፋብሪካ ሴቶች ሥራ አቁመው ተነሥተው ነበር፤ ከብሶታቸውም አንዱ ክብሪቱ ይሠራበት ከነበረው ከነጩ ፎስፎረስ ትነት የሚመጣው፣ መንጋጋቸውን እያነቀዘ አጥንታቸውን በቁም የሚገድለው ደዌ ነበር። ይህን ደዌ የቪየናው ሐኪም ሎሪንዘር በ1845 እ.ኤ.አ. ገልጾት ሳለ፣ መንግሥታት በበርን ስምምነት መርዙን በክብሪት ሥራ የከለከሉት በ1906 እ.ኤ.አ. መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

ደዌው ተረሳ ከተባለ በኋላ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ማርክስ ያንኑ የሚመስል የመንጋጋ አጥንት ሞት በ36 ሕሙማን ላይ አስታወቀ፤ ሰበቡም ቢስፎስፎኔት የተባለው፣ ለካንሰር ሕሙማን በደም ሥር፣ አጥንታቸው ለሳሳ ደግሞ እንደ አሌንድሮኔት ባለ እንክብል የሚሰጠው መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱ አሮጌውን አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት ስለሚገታ የአጥንት መታደስ ይዘገያል፤ ስለዚህም አንዳንድ ጊዜ ጥርስ የተነቀለበት ስፍራ ሳይሽር አጥንቱ ተገልጦ ይቀራል። ይህ እንክብሉን በሚወስዱት ዘንድ ብርቅ ነውና፣ የዳሌን ስብራት የሚከላከለውን መድኃኒት በፍርሃት መተው አይገባም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የታዘዘላቸው ሕሙማን ሳይጀምሩት ጥርሳቸውን ቢያስመረምሩ፣ የሚነቀለውም አስቀድሞ ተነቅሎ ቢሽር ይበጃል።