ጠፈር ላይ መንኮራኩር ብትሰናከል ማን ይደርሳል?

ከሾኔ ወደ ቦዲቲ የምትመጣ ሚኒባስ መንገድ ላይ ብትቆም ተሳፋሪው ወርዶ ቀጣዩን መኪና ይጠብቃል። ምድርን በሰዓት 28 ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚዞር ጠፈርተኛ ግን ቀጣዩ መኪና በዚያው ምሕዋር መድረስ፣ የሚገጥም በርና ባዶ ወንበር መያዝ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2024 የሱኒ ዊሊያምስና የቡች ዊልሞር ወሬ በተሰማ ጊዜ የቦዲቲ ወዳጆቼ የሕግ ሰው ነው ብለው “ለመሆኑ የማዳን ግዴታ ያለበት ማን ነው?” ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። የ1968ቱ የጠፈርተኞች ማዳን ስምምነት በዋናነት የሚናገረው ምድር ወይም ባሕር ላይ ስለወረደ ጠፈርተኛ ነው፤ ተዋዋዩ አገር ግዛቱ ላይ የወረደውን ፈጥኖ መርዳትና ለላከው አካል መመለስ አለበት። ኢትዮጵያም የፈረመችው የ1967ቱ የጠፈር ውል ደግሞ ጠፈርተኞች እርስ በርስ የሚቻላቸውን ዕርዳታ ሁሉ እንዲያደርጉ ያዛል። ሮኬት አዘጋጅታችሁ ጠብቁ የሚል አንቀጽ ግን በሁለቱም ውስጥ የለም።

ስለዚህ ጉዳዩ የሚወሰነው ከመነሣት በፊት በተደረገ ዝግጅት ነው። በጥር 2003 ኮሎምቢያ ስትነሣ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታው። መሐንዲሶች ጉዳቱ በሳተላይት ፎቶ እንዲታይ ቢጠይቁም ኃላፊዎቹ አልገፉበትም፤ የካቲት 1 ቀን ሰባቱም ሞቱ። ወደ ጠፈር ጣቢያው እንዳትጠጋ ምሕዋሯ ሌላ ነበር፣ ነዳጇም አይበቃም። መርማሪው ቦርድ በኋላ እንዳለው፣ ጉዳቱ ቶሎ ታውቆ አትላንቲስ ሌት ተቀን ብትዘጋጅ፣ አየር ማጣሪያው እስከሚያልቅበት እስከ የካቲት 15 ድረስ መድረስ ይቻል ነበር፤ አደገኛ ቢሆንም። ናሳ ትምህርቱን ወሰደ። በግንቦት 2009 ወደ ሀብል ቴሌስኮፕ ሰዎች ሲልክ ሌላ መንኮራኩር፣ ኢንዴቨር፣ ማስወንጨፊያው ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

ጣቢያው ላይ ያለ ሰው ይሻላል፤ ቢያንስ መጠለያና ምግብ አለው። በታኅሣሥ 2022 የሶዩዝ ኤምኤስ-22 ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲያፈስ ሩሲያ ባዶ ሶዩዝ ላከች። እስክትደርስ ድረስ በሰውነቱ ልክ የተሠራው የፍራንክ ሩቢዮ የወንበር ምንጣፍ ተነቅሎ ወደ አሜሪካው ድራገን ተዛውሮ ነበር። ሩቢዮ የተመለሰው ከ371 ቀናት በኋላ ነው። ዊሊያምስና ዊልሞር የሄዱባት የቦይንግ ስታርላይነር ደግሞ ሂሊየም አፍስሳ፣ አንዳንድ ሞተሮቿም ሥራ አቁመው ባዶዋን ተመለሰች። ሁለት ወንበር ባዶ የተተወላት ድራገን በመጋቢት 2025 አመጣቻቸው። የስታርላይነር ልብስ ከድራገን ጋር አለመግጠሙም ሌላ ራስ ምታት ነበር፤ ሁለት ኩባንያዎች ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ቢያንስ ልብሱን ማስማማት የሚያቅት አይመስለኝም።

ቻይና መጠባበቂያ ሮኬትና መንኮራኩር አዘጋጅታ ታስቀምጣለች። በኅዳር 2025 የሼንዡ-20 መስኮት በጠፈር ፍርስራሽ ሳይሰነጠቅ እንዳልቀረ ሲታወቅ፣ ሦስቱ ጠፈርተኞች በተተኪዎቻቸው መንኮራኩር ወረዱ። ተተኪዎቹ ሼንዡ-22 ባዶዋን እስክትደርስላቸው ድረስ፣ ለ11 ቀናት፣ አስተማማኝ መመለሻ ሳይኖራቸው እዚያው ቆዩ።