የመብል ጉብኝት በእግር (ፒያሳ፣ አዲስ አበባ)

የመብል ጉብኝት ማለት፣ ሰፈሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ መሪ ጥቂት እንግዶችን አስከትሎ፣ ከቡና ቤት ወደ ምግብ ቤት በእግር እያዘዋወረ፣ በየደረሱበትም ጥቂት ጥቂት እያስቀመሰ፣ የቦታውን ታሪክ የሚተርክበት ልማድ ነው። በአዲስ አበባ ለዚህ እጅግ የተመቸው፣ ስሙን አደባባይ ከሚለው የኢጣልያ ቃል የወረሰው ፒያሳ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. አያሌ ነባር ቤቶቹ ስለ ፈረሱ ግን፣ የመሪው ቃል ዛሬ የቀሩትን ከማሳየት አልፎ የጠፉትንም የሚዘክር ሆኗል።

ጉዞው በቶሞካ ቡና ቤት ቢጀመር መልካም ነው፤ ቡናው በዚያ ቆመው የሚጠጡት ሲሆን፣ በማኪያቶው ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ጥቁሩና ነጩ ሳይደባለቁ ተደራርበው ይታያሉ። ከዚያ በ1898 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው፣ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ወደ ጎዳው ወደ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ይወረዳል።

የጉብኝቱን መልክ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን ጾም ነው። በረቡዕና በዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም 55 ዕለታት፣ ምእመናን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ስለሚርቁ፣ ብዙ ሉካንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ እንዲህ ያለውን ቀን እንደ ጉድለት የሚቈጥር መሪ እጅግ ይሳሳታል፤ የወጥ ቤቱ ጥበብ በሙላት የሚገለጠው ያን ጊዜ ነውና። በአንድ እንጀራ ላይ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ በሱፍ የራሰም ፍትፍት በየቦታቸው ይቀርባሉ፤ እንግዳውም እጁን ታጥቦ፣ በቀኙ ቈርሶ፣ ከመሪው እጅ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ይቀበላል።