ተስፋዬ ሳህሉ (አባባ ተስፋዬ)

ተስፋዬ ሳህሉ ኢትዮጵያዊ የመድረክ ተዋናይ፣ አስቂኝ አዝናኝና ተረት ነጋሪ ነበሩ። በ1910ዎቹ አጋማሽ በባሌ ተወለዱ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ። አገር የሚያውቃቸው ግን «አባባ ተስፋዬ» በሚለው ስም ነው።

ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ይህ ግን የሥራቸውን አንድ ክፍል ብቻ ይሸፍናል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቲያትር ቡድን መድረክ ላይ ሲወጡ ሴት ተዋናይ ማግኘት ከባድ ነበር። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መቆሟ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ተስፋዬም ቀሚስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው ይተውኑ ነበር። በኋላ ልጆች ፊት ቁጭ ብለው አያ ጅቦንም ጦጢትንም ሲናገሩ ድምፅ መለዋወጡ እንዲያ የቀለላቸው ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

በኮሪያ ጦርነት ጊዜም በዚያ የተሰለፈውን የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችን፣ ለማዝናናት ወደ ኮሪያ ዘምተዋል። ሲመለሱ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ በተዋናይነት ሠሩ። ከትወናው ሌላ ይዘፍኑ፣ ምትሃትም ያሳዩ ነበር።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የልጆች ክፍለ ጊዜ ለእርሳቸው ተሰጠ። «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ይጀምሩ ነበር፤ ከዚያ ተረቱ ይከተላል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት በነበረበት ዘመን የሰፈር ልጅ ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ያያቸው ነበር። ሥርጭቱ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተለወጠ፤ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። አባባ ተስፋዬ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ዝግጅቱ 42 ዓመት ያህል ዘልቋል። የተረት መጻሕፍትም ለልጆች አሳትመዋል።

በቤታቸው የትዳር ሰው፣ አባትና አያት ነበሩ። «አባባ» መባላቸው ግን ከቤታቸው አልፎ ወጥቷል። በኢትዮጵያ ባህል አባባ የሚባለው የወለደ ወይም ያሳደገ ሽማግሌ ነው። ለእርሳቸው ስሙን የሰጧቸው በአካል አግኝተዋቸው የማያውቁ ልጆች ናቸው፤ ከየትኛውም ሽልማት ይህ ይበልጣል። ተረቱን የሚናገሩትም እንደ ስቱዲዮ ሰው ሳይሆን ምድጃ ዳር እንደተቀመጠ አያት፣ ረጋ ብለው፣ ልጁን በዐይን እየፈለጉ ነበር።

ባረፉ ጊዜ ያለቀሱላቸው በአብዛኛው ጎልማሶች ነበሩ፤ በልጅነታቸው ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት፣ ዛሬ ለገዛ ልጆቻቸው ያንኑ ተረት የሚነግሩት።