ስለ ኮዳክሮም፦ የባለ ቀለም ስላይድ ፊልም ልደትና ፍጻሜ

ፎቶግራፍ በ1839 ዓ.ም. ለዓለም ከተገለጠበት ጊዜ አንሥቶ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሰውን መልክና የሕንፃን ቅርጽ አንዳች ሳያጓድል ለማስቀረት ቢችልም፣ ቀለምን የሚያህል ጸጋ ግን ሊይዝ ባለመቻሉ፣ ደንበኛው የልጁን ጉንጭ ቀላ፣ የሚስቱን ቀሚስ ሰማያዊ አድርጎ ለማየት በሻ ጊዜ፣ ፎቶግራፍ አንሺው በጥቁርና በነጭ የወጣውን ሥዕል በቀጭን ብሩሽ ቀብቶ ያስረክብ ነበር። የስኮትላንዱ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 ዓ.ም. ለንደን ላይ፣ ኅብሩ የበዛ አንድ ጥብጣብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ በኩል ለየብቻ አስነሥቶ፣ ምስሎቹንም በየማጣሪያቸው አንድ መጋረጃ ላይ ደራርቦ በማብራት፣ ቀለማት ሁሉ ከሦስት ብርሃናት ሊቀመሩ እንደሚችሉ በጉባኤ ፊት አስረዳ። በ1907 ዓ.ም. ደግሞ ሉሚዬር የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ ቀለም የተነከረ የድንች ስታርች ቅንጣት በመስተዋት ላይ አንጥፈው የሠሩትን አውቶክሮም ለገበያ አቀረቡ፤ ነገር ግን ቅንጣቶቹ ራሳቸው አብዛኛውን ብርሃን ስለሚውጡት፣ ሥዕሉ ጨለም ያለ፣ የሚነሣውም ሰው ለብዙ ሰኮንድ ሳይነቃነቅ እንዲቆም የሚያስገድድ ሆነ።

ይህን እንቅፋት ካስወገዱት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው፣ የሚያስገርም ሆኖ፣ በሙያቸው ሙዚቀኞች የነበሩ፣ ሁለቱም ሊዮፖልድ የሚባሉ፣ ሁለቱም ከስመ ጥር ሙዚቀኞች የተወለዱ የኒው ዮርክ ወጣቶች ናቸው፤ አንደኛው ፒያኖ ተጫዋቹ ሊዮፖልድ ማንስ፣ ሁለተኛው ቫዮሊን ተጫዋቹ ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ ነው። እነዚህ ወዳጆች ተማሪዎች ሳሉ በ1917 ዓ.ም. ባለ ቀለም ነው የተባለ ሲኒማ ሊያዩ ገብተው፣ የቀለሙ ነገር እጅግ ቢያሳዝናቸው፣ ከዚህ የተሻለ ለመሥራት ቆርጠው ተነሡ፤ በወላጆቻቸው ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤትም መድኃኒት እየበጠበጡ፣ በሙዚቃ ያገኙትንም ገንዘብ በዚሁ ላይ እያፈሰሱ ዓመታት አሳለፉ። የኮዳክ ኩባንያ የምርምር ሹም ኬኔት ሚስ ትጋታቸውን ተመልክቶ በ1922 ዓ.ም. በዕቃ ይረዳቸው ጀመር፤ በ1930 ዓ.ም. ግን ሮቸስተር ወደሚገኘው የኩባንያው ቤተ ሙከራ አስመጥቶ ደመወዝተኞች አደረጋቸው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰዓት አይቶ ጊዜ መለካት የማይቻል ነውና፣ ሁለቱ የብራምስን ሲምፎኒ የመጨረሻ ክፍል በሰኮንድ ሁለት ምት እያፏጩ ፊልሙ መድኃኒት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ሲቆጥሩ፣ የኩባንያው ኬሚስቶች መጀመሪያ እንደ ቀልድ ቈጥረውት ነበር ይባላል።

የሥራቸው ምሥጢር በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ፊልሙ በአንድ ገጽ ላይ የተደራረቡ ሦስት ስስ ሽፋኖች ሲኖሩት፣ የላይኛው ሰማያዊ ብርሃንን፣ መካከለኛው አረንጓዴን፣ የታችኛው ቀይን ይቀበላል። ቀለም አስገኚውን ቅመም በየሽፋኑ ውስጥ አስቀድሞ ማኖር የሚቻል መሆኑን ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊሸር ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ ያመለከተ ቢሆንም፣ ቅመሙ ከአንዱ ሽፋን ወደ ሌላው እየሸሸ ቀለሙን ስለሚደባልቀው፣ ማንስና ጎዶውስኪ ቅመሙን ከፊልሙ ጨርሶ አውጥተው በማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ አደረጉት። ከ1938 ዓ.ም. ወዲህ በጸናው ሥርዓት፣ ፊልሙ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ጥቁርና ነጭ ፊልም ይታጠባል፤ ቀጥሎ ከበስተታች ቀይ ብርሃን ይበራበትና የታችኛው ሽፋን ብቻ አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ ቀለም በሚሰጥ መድኃኒት ይነከራል፤ ከዚያ ከበስተላይ ሰማያዊ ብርሃን ይበራበትና የላይኛው ሽፋን ቢጫውን ይቀበላል፤ መካከለኛውም በተራው ሐምራዊ ከሆነ በኋላ፣ ምስሉን የተሸከመው ብር በሙሉ ታጥቦ ሲወገድ ቀለሙ ብቻ ይቀራል። በየደረጃው የመድኃኒቱ ሙቀትና ብርታት ጥቂት ከተዛባ ሥራው ሁሉ ይበላሻልና፣ ይህ በግለሰብ ጨለማ ክፍል የሚሞከር አልነበረም።

ኮዳክሮም የተባለው ይህ ፊልም ሚያዝያ 15 ቀን 1935 ዓ.ም. ለ16 ሚሊ ሜትር ሲኒማ፣ በተከታዩም ዓመት ለ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ቀለማቸው ቶሎ እየደበዘዘ ቢያሳፍርም፣ ሥርዓቱ ከታረመ በኋላ ግን ትርፍ ቅመም በፊልሙ ውስጥ ስለማይቀር፣ በጨለማ የተቀመጠ ስላይድ ዐሥርት ዓመታትን አልፎ ቀለሙን አይለቅም፤ ሽፋኖቹም ስስ በመሆናቸው መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ገዢው ፊልሙን ካነሣ በኋላ በፖስታ ወደ ኮዳክ ማጠቢያ ቤት ይልከው ነበር፤ ታጥቦ በካርቶን ክፈፍ ተከቶም ይመለስለት ነበር። በአሜሪካ የማጠቢያው ዋጋ ከፊልሙ ዋጋ ጋር ተጣምሮ ይከፈል ስለነበረ፣ መንግሥት ይህን ገበያን በብቸኝነት እንደ መያዝ ቈጥሮ ከስሶ፣ በ1954 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ሥራው ለሌሎች ማጠቢያ ቤቶችም ተከፈተ። ከጉዞ የተመለሰ ቤተሰብ ጎረቤቶቹን ጠርቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ስላይዱን እያበራ ማሳየት በዚያ ዘመን የታወቀ የምሽት ጨዋታ ሆነ፤ በ1961 ዓ.ም. የወጣው ካሩሰል የተባለው ፕሮጀክተርም 80 ስላይድ በክብ ገበታ ይዞ አንድ በአንድ ስለሚያወርድ ልማዱን ይበልጥ አስፋፋው። በ1953 ዓ.ም. ኤድመንድ ሂላሪ ቴንዚንግ ኖርጌይን በኤቨረስት ጫፍ ያነሣው፣ በ1984 ዓ.ም. ስቲቭ ማኬሪ ፓኪስታን ባለ መጠለያ ሠፈር አረንጓዴ ዓይን ያላትን የአፍጋን ልጃገረድ ያነሣው በዚሁ ፊልም ነበር።

ይሁን እንጂ በ1936 ዓ.ም. የጀርመኑ አግፋ ኩባንያ፣ ቅመሙን እንዳይሸሽ ከረጅም ሞለኪዩል ጋር አቆራኝቶ በየሽፋኑ ውስጥ ለማጽናት ቻለ፤ ኮዳክም ራሱ ቅመሙን በዘይት ጠብታ ውስጥ አሽጎ በ1946 ዓ.ም. ኤክታክሮምን አወጣ። የእነዚህ ፊልሞች ቀለም በውስጣቸው ስላለ፣ ጥቂት መድኃኒትና ቴርሞሜትር ያለው ማንኛውም ፎቶግራፍ አንሺ በቤቱ ሊያጥባቸው ይችላል። ቀድሞ የተሠሩት ኤክታክሮሞች በጥንካሬ ከኮዳክሮም አይደርሱም ነበር፤ ዳሩ ግን በየከተማው የሚያጥባቸው አላጡም።

የዲጂታል ካሜራ ዘመን ሲመጣ የፊልም ገዢ እየተመናመነ፣ ኮዳክሮም የሚያጥቡት ቤቶችም አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄደው፣ በመጨረሻ በዓለም ሁሉ የቀረው በካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ በተባለች ትንሽ ከተማ የሚገኘው የድዌይን ማጠቢያ ቤት ብቻ ሆነ። ኮዳክ ሰኔ 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ፊልሙን መሥራት ማቆሙን አስታወቀ፤ የፓርሰንሱም ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. ፊልም መቀበሉን አበቃ። ከዚያ ወዲያ ሳይታጠብ በየመሳቢያው የተረሳ ኮዳክሮም ቢገኝ፣ በጥቁርና በነጭ ካልሆነ በቀር በተለመደው መንገድ ሊወጣ አይችልም።

ስለዚህ ኮዳክሮምን ዲጂታል ካሜራ ገደለው ብሎ የሚጽፍ ሰው ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ጽፏል። ኤክታክሮምንም ያው ካሜራ መትቶት በ2012 ዓ.ም. ሥራው ተቋርጦ ነበር፤ ሆኖም ማጠቢያ ቤቶቹ በየሀገሩ ስለ ቆዩለት በ2018 ዓ.ም. ወደ ገበያ ተመለሰ። ኮዳክሮም ግን ቀለሙ ከራሱ ሳይሆን ከማጠቢያ ቤቱ የሚመጣ በመሆኑ፣ እርሱን ለማስነሣት ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ፋብሪካ የሚያህለውን ማጠቢያ ቤትና ልዩ ልዩ መድኃኒቶቹን፣ የሚቆጣጠሩትንም ኬሚስቶች አብሮ ማስነሣት ያስፈልጋል። ከሌሎች ሁሉ ያስበለጠው ብልሃት፣ ያለ አንድ ቤት ችሮታ መኖር እንዳይችል ያደረገውም እርሱ ራሱ ነው።