ዲዜድን ፍለጋ

እንግዲህ ስሙኝማ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ ሞተር ነው፤ ለሦስት የሞዴል ዓመት ብቻ ተሠርቶ ስለቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሲፈለግ ስለኖረ ሞተር። አገሩ አሜሪካ ነው። የምጠራቸው ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእሽቅድምድም ሜዳ ነው። በ1966 ትራንስ-ኤም የሚባል የመኪና ውድድር ተጀመረ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ የሞተሩ ይዘት ከ5 ሊትር፣ በእነሱ አለካክ ከ305 ኪዩቢክ ኢንች መብለጥ የለበትም። መኪናውም ማንም ከሻጭ ገዝቶ የሚነዳው ዓይነት መሆን ነበረበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ፎርድ በሙስታንጉ ዋንጫውን ወሰደ። ሼቭሮሌ በእጁ ከነበሩት ሞተሮች አንዱ 283 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ አነሰ። ሌላው 327 ነው፣ ከደንቡ አለፈ። በዚህ ጊዜ ቪንሰንት ፒጊንስ የሚባል የኩባንያው መሐንዲስ ካማሮ የሚባለውን መኪናቸውን ለዚህ ውድድር እናብቃው ብሎ አለቆቹን አሳመነ። መላውም ተገኘ፤ የ327ቱን ሞኖብሎክ ወስደው የ283ቱን የክራንክ ሻፍት ምልልስ ሰጡት። የሲሊንደሩ ስፋት 4 ኢንች፣ የፒስተኑ ምልልስ 3 ኢንች፣ ሲሊንደሩ ስምንት፤ ሲሰላ 302 ወጣ። ከደንቡ ሥር ለጥቂት ገባ።

መኪናው ካማሮ ዜድ-28 ተባለ። በ1967 የተሠሩት 602 ብቻ ነበሩ፤ በ1968 7,199፣ በ1969 ደግሞ 20,302። የሮጀር ፔንስኪ ቡድን ማርክ ዶናሂውን መሪው ላይ አስቀምጦ በ1968ም በ1969ም ዋንጫውን ለሼቭሮሌ አስገኘ። ፋብሪካው የሞተሩን ጉልበት 290 ፈረስ ብሎ ጻፈ፤ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር የነዳው ሁሉ ግን ቁጥሩ ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ነው ይላል፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ከዚያ በ1970 አዲሱ ካማሮ 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ይዞ መጣና የ302 ታሪክ ተዘጋ።

ታዲያላችሁ፣ ሞተሮቹ የት ገቡ? እስቲ አስቡት። ከእሽቅድምድም ሜዳ የተወለደ ሞተር በሃያ ዓመት ጎረምሳ እጅ ገባ። ጎረምሳው ቅዳሜ ማታ ከጓደኛው ጋር ይወዳደራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ አንድ ቀን የፒስተኑ ክንድ ተበጥሶ ሞኖብሎኩን ይበሳዋል። መኪናው ዋስትና ላይ ከሆነ ኩባንያው ምትክ ሞኖብሎክ ይሰጠዋል፤ ይህ ምትክ ሲኢ የሚል ማኅተም አለበት። ዋስትናው ካለቀ ደግሞ ከወዳደቁ መኪናዎች ግቢ 350 ይገዛል። ሼቭሮሌ ከ1955 ጀምሮ የሠራቸው እነዚህ ትንንሽ ቪ-8 ሞተሮች ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ በዚያው ብሎን፣ በዚያው ካምቢዮ ላይ ይታሰራሉ። ስለዚህ መቀየሩ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ነበር። ደህና የቀረውም 302 ቢሆን ተነቅሎ ወደ ጀልባ፣ ወደ አፈር ሜዳ መወዳደሪያ፣ ወደ ሌላ መኪና ሄደ። በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ መኪናው ራሱ እንደ አሮጌ ዕቃ ተሸጠ።

አሁን ባለመኪናውን ላስተዋውቃችሁ። ስም አልሰጠውም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከፔንስልቬንያ እስከ ካሊፎርኒያ ሞልቷልና የሁሉንም ወግ በአንዱ ትከሻ ላይ ልጫነው። የ1969 ዜድ-28 አገኘ። ኮፈኑን ሲከፍት ውስጡ ሞተር አለ። ሻጩ ከሞኖብሎኩ ጀርባ በሾፌሩ በኩል በትልልቁ የወጣውን ቁጥር በባትሪ አበራለት፤ 3970010። «ይኸው፣ ኦሪጅናሉ ነው» አለው።

ቁጥሩ እውነት ነው። በ1969 ዜድ-28 ላይ ይህ ቁጥር ያለው ሞኖብሎክ ገብቷል። ነገር ግን በዚያው ዓመት 327ም 350ም በዚሁ ቁጥር ተሠርተዋል፤ ከዚያም በኋላ በ1970ዎቹ ስንትና ስንት 350 በዚሁ ቁጥር ወጥቷል፣ የጭነት መኪናውን ጨምሮ። ይህ ቁጥር የቅርጹ ስም ነው እንጂ የሞተሩ ስም አይደለም። ባለመኪናችን ዞሮ በተሳፋሪው በኩል ከጀርባ ያለውን የመውጫ ቀን፣ ብረቱ ከቅርጹ የወጣበትን ቀን ማለት ነው፣ ፈለገ። እዚያ ወሩ በፊደል ይጻፋል፣ ከኤ እስከ ኤል፤ ቀጥሎ ቀኑ፣ ቀጥሎ ዓመቱ በአንድ አሃዝ ብቻ። በአንድ አሃዝ መሆኑ ነው ጣጣው፤ 9 የሚለው 1969ም 1979ም ሊሆን ይችላል። የሱ ግን 6 ይላል፤ 1976 መሆኑ ነው። ዜድ-28ቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ያ ብረት ገና አልቀለጠም ነበር።

እኛ አገር ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ጎን ለጎን ይሰፍራሉ፤ ሞተር የቀየረ ሰው አስመርምሮ ያስመዘግባል። የ1969 ካማሮ የሻንሲ ቁጥር ግን ስለ ሞተሩ የሚናገረው ባለ ስምንት ሲሊንደር መሆኑን ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለተሸጡት ካማሮዎች መኪናዋን በቁጥሯ ጠርቶ «ዜድ-28 ነበረች» የሚል የኩባንያ መዝገብ የለም፤ ካናዳ ለተሸጡት ግን የጄኔራል ሞተርስ የካናዳ ቅርንጫፍ መዝገቡን አኑሯል። ስለዚህ ሰው የሚደገፈው በቆርቆሮና በወረቀት ነው። በባለመኪናችን መኪና ከሞተሩ ክፍል ኋላ የተመታችው ትንሽ ቆርቆሮ ላይ 04ሲ ይላል፤ የአፕሪል ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው። ኤክስ33 የሚልም አለ። ኦሃዮ ውስጥ ኖርዉድ በሚባለው ፋብሪካ በዚያ ወቅት ይህ ምልክት የሚመታው ዜድ-28 ላይ ነበር። እንግዲህ መኪናዋ እውነተኛ ናት፤ ሞተሯ ነው የጠፋው።

ፍለጋው እዚህ ላይ ይጀምራል። የሚፈለገው ማኅተም ያለው በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ለፊት በምትወጣው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው፤ አውራ ጣት ታክላለች። በ1969 ዲናሞው ወደዚያ ወገን ስለተዛወረ ጀርባው ትደበቃለች፤ አንገት አጣምሞ ማየት ግድ ነው። ትክክለኛው ማኅተም ለምሳሌ ቪ0403ዲዜድ ይላል። ቪ የፍሊንት ፋብሪካ ነው፣ 0403 አፕሪል 3፣ ዲዜድ ደግሞ የ1969 ዜድ-28 302 ሞተር መለያ። በዚያው ጠፍጣፋ ላይ፣ አለዚያም ከዘይት ማጣሪያው በላይ፣ የመኪናዋ የራሷ ቁጥር ይመታል፤ 19ኤን ብሎ ይጀምራል፣ ሼቭሮሌ፣ 1969፣ ኖርዉድ፣ ከዚያ ስድስት አሃዝ።

ፊደሉን ግን ማንም ሌባ ገዝቶ ይመታዋል። እውነቱ ያለው ከፊደሉ ሥር ነው። ፋብሪካው የሞኖብሎኩን ፊት ሲልግ መቁረጫው ከፊት ወደ ኋላ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ትይዩ መስመሮች ትቶ ያልፋል፤ ማኅተሙ የሚመታው በነዚያ መስመሮች ላይ ነው። ጠፍጣፋዋን በጨርቅና በቅባት ማጽጃ ቀስ ብላችሁ ታጸዳላችሁ፤ የሽቦ ብሩሽ በፍጹም፣ የአሸዋ ወረቀት በፍጹም። ከዚያ ባትሪውን ጎን ለጎን አጋድማችሁ ታበራላችሁ። መስመሮቹ ከፊደል ወደ ፊደል ሳይቋረጡ ከሄዱ እፎይ ትላላችሁ። ፊቱ እንደ መስታወት ከለሰለሰ፣ ወይም መስመሩ ክብ ክብ ከሆነ፣ አንድ ሰው አሮጌውን ፍቆ አዲስ መትቷል።

እዚህ ላይ ልቤን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። ከጠፉት እውነተኛ ማኅተሞች ስንቱን ያጠፋው ሌባ ሳይሆን የሞተር ማደሻ ወርክሾፕ ነው። ባለሙያው የሞኖብሎኩን ፊት ደህና አድርጎ ሲልግ ጠፍጣፋዋንም አብሮ ይልጋታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለጥቂት ማለስለስ ሲባል የሞተሩ የልደት ወረቀት ብናኝ ሆኖ መሬት ይወድቃል። ጠፍጣፋዋ ከቴስታታው ጓርኒሲዮን ውጭ ናት፤ መቁረጫው እሷ ጋ ሳይደርስ ቢቆም ሞተሩ ምንም አይጎድልበትም። ባለቤቱ ቀድሞ መናገር ነው ያለበት።

ባለመኪናችን ካርላይል ሄደ። ፔንስልቬንያ ውስጥ በየጸደዩ የሚቆም ትልቅ የመለዋወጫ ገበያ ነው፤ ሜዳ ሙሉ ሸራ ተዘርግቶ፣ ምናለሽ ተራን አስፍታችሁ ሣር ላይ እንደ መዘርጋት ያለ። ጎበዞቹ ገና ጎህ ሳይቀድ ባትሪ ይዘው ይገባሉ፣ ደህናው ዕቃ ፀሐይ ሳይሞቅ ይሸጣልና። በአንድ ሽማግሌ ሸራ ላይ ካርቡራተር አየ። ሆሊ ነው፤ ከላይ በአየር መግቢያው አንገት ላይ 3923289፣ ሥሩ 4053፣ ከዚያ 933 ይላል። ሦስቱ አሃዞች የተሠራበት ጊዜ ናቸው፤ ዘጠኙ 1969፣ ሦስቱ ማርች፣ የመጨረሻው ሦስት ሦስተኛ ሳምንት። ለአፕሪል መኪና ልኩ ነው፤ ዕቃው ከመኪናው ጥቂት ሳምንት መቅደም አለበት፣ መዘግየት ግን አይችልም።

«አባቴ፣ ገላው የራሱ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አገላብጠህ እየው፣ ልጄ» አሉት።

አገላበጠ። 3310 የሚባል ሌላ ሆሊ አለ፤ አየር የማሳለፍ አቅሙ እኩል ነው፣ መልኩም ይመሳሰላል፤ ቁጥሩን ፍቀው 4053 እያሉ የሚመቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ከአካባቢው ዝቅ ብሎ እንደሆነ በጥፍሩ ዳሰሰ። ዝቅ አላለም። አሮጌው ወርቃማ ቅብ በፊደሎቹ ጠርዝ ሁሉ እንዳለ ነው። ዋጋውን ሳይከራከር ከፈለ፤ እኔም እሱን ብሆን አልከራከርም።

ሌላው ዕቃ እንዲህ በቀላሉ አልመጣም። ቴስታታው 3927186፣ ቀኑ በቫልቭ ክዳኑ ሥር ተደብቆ። ክራንክ ሻፍቱ 1178 የሚል ምልክት ያለው። የካንዴላው ሽቦ ሳይቀር የተሠራበትን የሩብ ዓመት ቁጥር ይዟል። ከሁሉ የከበደው ግን የጭስ ማጽጃው ዕቃ ነው፤ አየር የሚገፋው ፓምፕ፣ ቅንፎቹ፣ ወደ ጭስ ማውጫው የሚገቡት ቀጫጭን ቱቦዎች። ጎረምሶቹ መኪናዋን በገዙ በሳምንቱ «ጉልበት ይበላል» እያሉ ነቅለው ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ዛሬ አንድ ያልዛገ ቱቦ የሚሸጥ ሰው ከተገኘ ወሬው ከከተማ ከተማ ይሄዳል። አዲስ የተቀዳ ቱቦ አለ፤ ሥራውን ይሠራል፣ ነገር ግን እጥፋቱ ላይ ያለውን ልዩነት የለመደ ዓይን ያውቀዋል።

በመጨረሻ ሞኖብሎኩ ተገኘ። ከአፈር ሜዳ ተወዳዳሪ ጋራዥ፣ ከመደርደሪያ ሥር። የመውጫው ቀን ሲ-20-9፣ ማርች 20፤ ማኅተሙ ዲዜድ፣ አፕሪል መጀመሪያ። መስመሮቹ ሙሉ ናቸው። ቀኑ ሁሉ ከመኪናዋ ጋር ይገጥማል፣ አንድ ነገር ብቻ አይገጥምም፤ ከ19ኤን ቀጥሎ ያሉት ስድስት አሃዞች የሌላ ካማሮ ናቸው።

ሻጩ ጠጋ ብሎ ሹክ አለው፦ «የሚፍቅልህ፣ ያንተን ቁጥር የሚመታልህ ሰው አውቃለሁ። መስመሩን እንኳ መልሶ ያሰምረዋል። የመኪናህ ዋጋ በአንድ ቀን ይዘላል።»

እውነቱን ነው፣ ይዘላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሸንፏል። ባለመኪናችን ግን «አይሆንም» አለ። ያ ቁጥር የአንድ ሌላ መኪና ነው፤ የሷም ባለቤት ምናልባት ይህን ሰዓት ባትሪ ይዞ እየፈለገ ነው። ከተፋቀ ለሁለቱም ለዘላለም ጠፋ። በወቅቱ የተሠራ፣ የሌላ መኪና ሞተር ብሎ በግልጽ መናገር አንድ ነገር ነው፤ የውሸት ልደት መጻፍ ግን ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሞኖብሎኩን ገዛ፣ ፎቶ አነሳው፣ ቁጥሩን ለካማሮ ሰዎች ሁሉ በተነ፤ ባለቤቱ ከመጣ በሚያግባባ ዋጋ እንደሚለቅለት ጨምሮ ጻፈ። ወደ ወርክሾፕ ሲወስደው ጠፍጣፋዋ ላይ ቴፕ ለጥፎ «አትንኩ» ብሎ በትልቁ ጻፈበት፤ ሲቆረጥም አጠገቡ ቆሞ አየ።

ሞተሩ የተነሳው በበጋ ነው። የቫልቩን ክፍተት ራሱ ለካ፤ የዚህ ሞተር ካም ሻፍት 30-30 ይባላል፣ በመግቢያውም በመውጫውም ክፍተቱ ከአንድ ኢንች ሺህ እጅ ሠላሳው ስለሆነ። ስስ ብረቱን ሲያስገባ ያዝ አድርጎ እስኪለቅ ድረስ አሥራ ስድስቱንም ዳሰሰ። ሲነሳ ቫልቮቹ ኮሽ ኮሽ እያሉ ሠሩ፤ የዚህ ሞተር ጤናማ ድምፁ ይህ ነው፣ ዝም ያለ እንደሆነ ነው የሚያስፈራው። የሞኖብሎኩ ባለቤት እስካሁን አልደወለም። የመኪናዋ የራሷ ሞተርም አልተገኘም። ከዝርዝሩ ላይ ሳይሰረዝ የቀረው ዕቃ ደግሞ የሾፌሩ በኩል የአየር ቱቦ ነው፤ ለሱ ኸርሺ ወደሚባለው ሌላ የመለዋወጫ ገበያ ይሄዳል፣ ገበያው ኦክቶበር ላይ ይቆማል።