የሳይቶሜጋሎቫይረስ የሬቲና ብግነት

ሳይቶሜጋሎቫይረስ ሬቲናይቲስ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎችን ለዓይነ ስውርነት ከሚዳርጉ ተጓዳኝ በሽታዎች ዋነኛው ነው። ቫይረሱ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል፤ የበሽታ መከላከል አቅሙ ደህና የሆነን ሰው ብዙም አይጎዳም። ሲዲ4 የተባሉት በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ50 በታች ሲወርድ ግን ይቀሰቀስና በደም ተጉዞ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ያጠቃል። የሞተ ሬቲና አይድንም።

አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ አይቀላም፣ አያምም። ታማሚው ነጠብጣብ ወይም ክር መሰል ነገር ፊቱ ሲንሳፈፍ፣ ብልጭታ ሲያይ ወይም የዕይታው አንድ ወገን ሲጋረድበት ይታወቀዋል። ቁስሉ ከሬቲና ዳር ከጀመረ ግን ምንም ላይሰማው ይችላል። በመሆኑም ሲዲ4ው በጣም የወረደ ሰው «ደህና አያለሁ» ቢልም መመርመር አለበት፤ የፊደል ገበታ ማስነበብም አይበቃም።

ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከተደረገ በኋላ ሐኪሙ ግንባሩ ላይ ባሰረው መብራትና በእጁ በያዘው ሌንስ ሬቲናውን እስከ ዳር ያያል። የደም ሥሮችን ተከትሎ የተዘረጋ፣ ደም የፈሰሰበት ነጭ ወይም ቢጫማ ቁስል ካገኘ ብዙ ጊዜ በሽታውን ለመለየት ይህ ይበቃዋል። ቶክሶፕላዝማ፣ ቂጥኝና የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ተቀራራቢ ቁስል ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ሲያጠራጥር ከዓይን ፈሳሽ ተወስዶ የተሕዋስያንን ዘረመል በሚለየው ፒሲአር ይመረመራል።

በደም ሥር የሚሰጠው ጋንሲክሎቪር በአሜሪካ የተፈቀደው በ1989 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ የሚመረጠው በአፍ የሚወሰደው ቫልጋንሲክሎቪር ነው፦ 900 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ ከ14 እስከ 21 ቀን፣ ከዚያ በቀን 1 ጊዜ። ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ የደም ምርመራ ክትትል ይፈልጋል። ቁስሉ ወደ ዕይታ ማዕከል ከተጠጋ ጋንሲክሎቪር በመርፌ ዓይን ውስጥም ይሰጣል። መርፌው ብቻውን ከተሰጠ ግን ሌላውን ዓይንና የቀረውን አካል አይጠብቅም፤ ክኒኑ በማይገኝበት ቦታ ታማሚዎች የሚጎዱት በዚህ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ነው። ሕክምናው በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ዘግይቶ የሚመረመርና መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ግን አሁንም ለዚህ በሽታ ይጋለጣል። ቁስሉ ደርቆ ሲዲ4 ከ100 በላይ ሆኖ ከ3 እስከ 6 ወር ከቆየ ቫልጋንሲክሎቪር ሊቆም ይችላል። የዓይን ክትትሉ ግን ይቀጥላል፦ አቅሙ የተመለሰው ሰውነት ራሱ ዓይን ውስጥ ብግነት ሊያስነሳ፣ የሳሳው ሬቲናም ተቀዶ ከግድግዳው ሊላቀቅና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።