ደጅ ጠኚና ደንበኛ

ነጋዴው ሸቀጡን የሚገዛውን፣ ጠበቃውም ጉዳዩን ይዞ በችሎት የሚቆምለትን ሰው በአንድ ቃል «ደንበኛዬ» ይላሉ። ቃሉ ከደንብ ጋር የተዛመደ ነው፤ ዋጋው ይታወቃል፣ ሒሳቡም ይዘጋል። ዱቤ እንኳ ቢሆን ገንዘቡ ሲከፈል ከመዝገብ ይሰረዛል። በታሪካችን ግን ከደንበኛው ጎን ለጎን የኖረ ሌላ ሰው አለ፤ እርሱም ደጅ ጠኚው ነው።

ደጅ ጠኚ ወደ ንጉሥ ወይም ወደ መኳንንት ግቢ ይሄድ የነበረው በገበያ የማይገኘውን ሽቶ ነው፦ ሹመትን፣ ጉልትን፣ ፍርድን፣ ከለላን። እጅ መንሻ ያቀርባል፤ ይሁንና እጅ መንሻ ክፍያ ስላልሆነ ተቀባዩን በግዴታ አያስረውም። ጌታው ግብር ሲያበላ ይታደማል፣ ሲወጣ ያጅበዋል፣ ቀኑ እስኪደርስለትም ይጠብቃል። የለመነውን ሲያገኝ ደግሞ ግንኙነቱ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም፤ ውለታው ዕዳ ሆኖበታልና። የዕዳውን ልክ የሚያውቀው ጌታው ብቻ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሶማሌ ጠረፍ ሁለቱ ግንኙነቶች ተሳስረው እናገኛቸዋለን። በበርበራ በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። ከዓረብና ከህንድ የሚመጣው ነጋዴ ለመገበያየት በቅድሚያ ከአገሬው ሰው «አባን» መያዝ ነበረበት። አባኑ ደላላም፣ አስተርጓሚም፣ ጠባቂም ሆኖ ከንግዱ ድርሻውን ይወስዳል። እንግዳው ቢጠቃ የአባኑ ክብር ተነካ ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ወደ ሐረር የተጓዘው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተንም የሄደው በአባን ጥበቃ ነው። እንግዲህ ነጋዴው ደንበኛ ለማግኘት አስቀድሞ ራሱ የሌላ ሰው ጥገኛ መሆን ነበረበት።

በሩዋንዳ ደግሞ «ኡቡሃኬ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ጌታው ላም ይሰጣል፤ ተቀባዩም በወተቷ እየተጠቀመ በጉልበቱ ያገለግላል፣ የጌታውንም ከለላ ያገኛል። ላሟ ግን አልተሸጠችለትም፤ ጌታው ሊነጥቀው ይችላል። ንጉሥ ሙታራ 3ኛ ሩዳሂግዋ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥርዓቱ ቀርቶ ከብቱ በጌታና በአገልጋይ መካከል እንዲከፋፈል አወጁ። ይሁን እንጂ የግጦሹ መሬት ባመዛኙ በቀድሞዎቹ ጌቶች እጅ ቀረ። ላሙን ያገኘው ሰው ሣር ፍለጋ ወደ ጌታው ደጅ መመለስ ግድ ሆነበት።

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። የሁለቱ መለያ የሚቀበሉት ነገር ዓይነት ብቻ ቢሆን ኖሮ የጠበቃው ባለጉዳይ ከደጅ ጠኚው ወገን በተቆጠረ ነበር፤ እርሱም የሚፈልገው ከለላ ነውና። ነገር ግን ውክልናውን አንሥቶ ወደ ሌላ ጠበቃ መሄድ ይችላል። ደንበኛ ማለት ሒሳቡን ዘግቶ ሳይፈራ መውጣት የሚችል ሰው ነው።

በኢትዮጵያ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሯል፤ «ደጅ ጠናሁ» የሚለው አነጋገር ግን ዛሬም ከአንደበታችን አልጠፋም። በሕግ የሚገባውን ወረቀት ለማግኘት የሄደ ሰው ይህን ቃል ሲናገር፣ ሌላ መሥሪያ ቤት መርጦ መሄድ እንደማይችል እየነገረን ነው። ሣሩ ገና በሌላ ሰው እጅ ነው።